አዲሱን ዲስክ አላውቅም ያለው ኮምፒዩተር

ሐምሌ 4፣ ሰኞ

ዲስኩ ደረሰ። ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይከብድም፤ የሚይዘው ግን አሮጌው ከሚይዘው እጥፍ ነው። ይዤው ወርክሾፕ ገባሁ። ወርክሾፕ የምንለው የቤታችንን የፊት ክፍል ነው፦ በመስኮቱ በኩል የጥልፍ ማሽኑ፣ ከጎኑ ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒዩተር፣ በበሩ በኩል ሬዲዮ ከነስፌት መኪናዋ። አብራን የምትሠራዋን ልብስ ሰፊ ሬዲዮ ያልናት ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ ስለማትዘጋ ነው።

"ይሄ ነው ያን ሁሉ ያስወራሽ?" አለች። "እኔ እኮ በጋሪ የሚመጣ መስሎኝ ቦታ ሳስለቅቅ ነበር።"

አክስቴ ተቀበለችኝና ገልበጥ አድርጋ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "ፊደሉን ያተልቀዋል?"

ሳቅሁ። "እትዬ፣ ዲስክ ፊደል አያተልቅም። ያፈጥናል እንጂ።"

"እሱም ጥሩ ነው" አለች።

ኮምፒዩተሩ ተነስቶ ሥራ እስኪጀምር አክስቴ ክፍሉን ጠርጋ፣ ሻይ ጥዳ፣ ጠጥታ ትጨርሳለች። ውስጡ ያሉት ጥልፎች ግን ሌላ ነገር ናቸው፦ የትምህርት ቤት አርማዎች፣ በነርሶች ኪስ ላይ የሚሰፉ ምልክቶች፣ የትራስ ልብስ አበቦች፣ ወፎች። አንዱንም ከሰው አልገለበጠችም። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ፣ መርፌው የሚወጋበትን ቦታ ነጥብ በነጥብ እያስቀመጠች የሳለቻቸው ናቸው። ሐሳቤ አዲሱ ዲስክ ላይ አዲስ ሲስተም መጫን፣ ከዚያ ጥልፎቹን ከአሮጌው ማዛወር ነው። ቀላል ሥራ ነው።

ሥራ በጠየቅሁበት ትልቅ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ "የአንድ ወርክሾፕ ሲስተም አዘምኛለሁ" ብያለሁ። ያኔ ገና አልነካሁትም ነበር። አሁን እውነት ላደርገው ነው። እስካሁን አልደወሉም።

ሐምሌ 5፣ ማክሰኞ

አያውቀውም። ሰካሁት፣ አስነሳሁት፣ ዝርዝሩ ላይ የለም። ኬብል ቀየርኩ። የለም። የመብራቱን ገመድ ቀየርኩ። የለም። በአዲሱ ተነሳ ስለው "የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም" ይለኛል። በአሮጌው ስለው እንደ ልማዱ እየተንፏቀቀ ይነሳል።

ሻጩ ጋ ወስጄ በሱ ኮምፒዩተር ሞከርነው። ወዲያው አወቀው። "ዲስኩ ጤነኛ ነው እህቴ፣ ቤትሽ ያለውን አሳክሚ" አለኝ።

ሐምሌ 6፣ ረቡዕ

አብሮኝ ለተመረቀው ጓደኛዬ ደወልኩለት።

"አሮጌውን ነቅለሽ አዲሱን በሱ ቦታ ሰክተሽ ሞክሪ" አለኝ። "ደግሞ የሰው ሥራ ያለበት ዲስክ እንደተሰካ ሲስተም አይጫንም። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው፤ ክፍል ውስጥ ነበርሽ አይደል?"

ነበርኩ። ግን አሮጌው ያለው በሌላኛው ጎን፣ ብሎኑ በተበላ ሽፋን ሥር ነው። ካቻቢቴው ይሽከረከርበታል፣ አይይዝም። አቧራው ደግሞ ጥጥ ሆኗል። ነገ በፒንሳ እሞክረዋለሁ።

"ኮምፒዩተርሽም እንደ ባሌ ነው" አለች ሬዲዮ። "አዲስ ነገር ቤት ሲገባ አላየሁም ይላል።"

ዛሬ በአክስቴ መርፌ ሁሉ ክር ስታስገባላት ዋለች፣ የራሷን ሥራ ትታ። እንዲህ እየተሠራ እንዴት ያልቃል? አክስቴም ክር አንስታ "ይሄ ጥቁር ነው ሰማያዊ?" ትላታለች። መብራቱ ደካማ ነው፤ አምፖል ልገዛላት ይገባል።

ሐምሌ 7፣ ሐሙስ

አወቀው።

የመጫኛውን ፍላሽ ሰክቼ ሳስነሳው ዝርዝሩ ላይ አንድ ዲስክ ብቅ አለ። ከደስታዬ ብዛት ወንበሩን ገፍቼ ጣልኩት። መጠኑን ከገዛሁት ግማሽ ነው የሚለው፤ ሻጭ መቼም ሻጭ ነው፣ ሄጄ እነግረዋለሁ። ያለውን አጽዳ አልኩት። እርግጠኛ ነሽ? አዎ። ሁሉም ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ? አዎ አዎ። ባዶ ዲስክ ላይ ደግሞ ምን የሚጠፋ አለ። ሲስተሙ እስኪጫን ምሳዬን በላሁ።

ለጓደኛዬ "አሸንፌዋለሁ" ብዬ ጻፍኩለት።

አክስቴ "እሰይ፣ የኔ ኢንጂነር" ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ለሬዲዮ ደግሞ፣ እኔ ጓዳ የገባሁ መስሏት፣ "ልጅ ማስተማር እንዲህ ነው" ስትላት ሰማሁ።

ነገ ጥልፎቹን አዛውራለሁ።

ሐምሌ 8፣ ዓርብ

ያወቀው አሮጌውን ነበር።

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ ማታ

ትናንት ከዚያች መስመር ሌላ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

ዝርዝሩ ላይ አንድ ዲስክ ብቻ ነበር ያለው። ሁለት ሰክቼ አንድ ሲታየኝ የትኛው ነው ብዬ አልጠየቅሁም። መጠኑ ግማሽ ሲሆን ሻጩን ሌባ አልኩ። ሰው የፈለገውን ሲያይ እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ "ታየኝ፣ ታየኝ" ስለው የዋልኩት ነገር ብቅ ሲል ማንነቱን ማጣራት ረሳሁ። ጥልፎቹን ፍለጋ ትናንት ጠዋት ስገባ ባዶ ነው። ባዶ አይደለም፤ እኔ የጫንኩት ንጹሕ ሲስተም ተቀምጦበታል፣ ሰው ቤት አፍርሶ ፍርስራሹ ላይ ወንበር እንደሚዘረጋ።

ሽፋኑን ዛሬ በፒንሳ ይዤ አዞርኩት። ብሎኑ እሺ ብሎ ወጣ። አልታገለኝም። ለካ ረቡዕ ዕለትም እሺ ይል ነበር። እሱ እንኳ ቢቀር ገመዱን ከማዘርቦርዱ፣ ከዋናው ሰሌዳ፣ በኩል መንቀል እችል ነበር፤ ያ በተከፈተው ጎን ነው ያለው። ሁለቱንም አላደረግሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያቺስ የምትለቅመው ነበራት።

ቅጂ የለም። ቅጂውን የምሠራው እኔ ነበርኩ።

ማታ አክስቴ "አለቀልሽ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቀርቶታል። አዲሱን ዲስክ አላውቅም እያለ ነው።"

"ሐሙስ አወቀው አላልሽም?"

"ተሳስቼ ነው። እስካሁን አላወቀውም።"

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ደጋግሜ አየሁት፣ አንድም ውሸት የለበትም።

ሐምሌ 12፣ ማክሰኞ

አሮጌውን ዲስክ መኝታ ቤቴ ወስጄ በላፕቶፔ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ለቅቄበታለሁ። ስም የሌላቸው፣ በቁጥር የተጠሩ ፋይሎች ያወጣል። ብዙዎቹ አይከፈቱም። አዲሱ ሲስተም ላያቸው ላይ ተቀምጦባቸዋል።

ሦስት ጊዜ "እንዴት ሆነልሽ?" ተባልኩ። ሦስት ጊዜ "አላወቀውም" አልኩ። ሬዲዮ "ምናልባት ማስተዋወቅ ነው የጎደለው፣ አንዱን ለአንዱ በስም ጥሪለት" አለች። አክስቴ በጣም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሐምሌ 15፣ ዓርብ

የትምህርት ቤቱ ግዢ ኃላፊ መጣ። ለአዳዲሶቹ ተማሪዎች ዩኒፎርም አርማ ይፈልጋል፤ የተከፈተ መጽሐፍ፣ ከላዩ ችቦ። አክስቴ በየዓመቱ የምትሠራው ነው። ነሐሴ እስኪጋመስ ካልደረሰ ወደ ሌላ እንደሚወስደው ነገራት።

"ይደርሳል" አለችው። "ኮምፒዩተሩ ታሞብኝ ነው እንጂ ጥልፉ አለ።"

"ማን ይዞታል?"

"ልጄ። በዚሁ ነው የተመረቀችው። እሷ ነክታው የማይድን ነገር የለም።"

ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ኬብል እንደምፈልግ ሆኜ ቁምሣጥኑን ማተራመስ ጀመርኩ።

ለምን እንደገና አትስለውም? አንድ አርማ ነው። ለሷ የስንት ቀን ሥራ ነው? "ለጥንቃቄ እንደገና ብትስይው ምን ይመስልሻል?" ብዬ ጠየቅኋት። "ያለ ነገር ለምን እስላለሁ?" ብላ ተነሳች። ግትርነቷን ታውቂያለሽ፣ አልኩ ለራሴ። ተናደድኩባት እኮ። በሷ።

ሐምሌ 18፣ ሰኞ

አዲሱን ዲስክ አሮጌው በነበረበት መሰኪያ ጉድጓድ ሰካሁት።

አወቀው። ያለ ምንም ማንገራገር። ኋላ ቅንብሩን ገብቼ ሳየው መጀመሪያ የሰካሁበት ጉድጓድ ተዘግቶ ነው የኖረው፤ ማን እንደዘጋው እንጃ። አንዲት መስመር ነበረች፣ "ዝግ" የምትል። ወደ "ክፍት" ቀየርኳት፣ እዚያም አወቀው።

ሲስተሙን ጫንኩ። የጥልፍ ፕሮግራሙን ጫንኩ። በሩጫ ይነሳል። ማሽኑን ጠራው፣ ማሽኑም መለሰለት። ትምህርቴ ሁሉ ያለበት አንድ ንጹሕ ሥራ ነው። ፕሮግራሙን ስከፍተው "ምንም ጥልፍ የለም" አለ።

የአክስቴን ኮቴ ሰማሁ።

ገመዱን ነቀልኩት። በእጄ፣ አስቤበት። አጥፍቼ አስነሳሁት። ስትገባ ስክሪኑ ላይ "የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም" የሚለው ነበር።

"ዛሬም?"

"ዛሬም፣ እትዬ።"

"አይዞሽ። አትናደጂበት፤ ዕቃ ንዴት አያውቅም" አለችኝ፣ ፀጉሬን ነካ አድርጋ።

ከሐሙሱ ይልቅ ይሄኛውን ነው መጻፍ የከበደኝ። ያኛው ስህተት ነበር።

ሐምሌ 20፣ ረቡዕ

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጠዋት ነቅዬ እውላለሁ፣ ሰው ሲወጣ ሰክቼ እሞክራለሁ። ካዳንኳቸው ፋይሎች የተከፈቱት ጥቂት ናቸው። አንዱን ማሽኑ ላይ ላክሁት፤ ርግብ ነው። ክንፉን ሰፋ፣ አንገቱን ሰፋ፣ ጭንቅላቱ ጋ ሲደርስ መርፌው ወደ ጨርቁ ጥግ ሄዶ አንድ ቦታ እየደጋገመ ይወጋ ጀመር፣ ክሩ እስኪበጠስ።

ጨርቁን ቆሻሻ ውስጥ ከታች ቀበርኩት።

ሐምሌ 22፣ ዓርብ

ደወሉ። ተቀብለውኛል። ሌላ ከተማ ነው፣ ሥራው ነሐሴ 16 ይጀመራል።

ስነግራት አክስቴ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሳች። ከዚያ እንደገና ቁጭ አለች። "ተመስገን። ተመስገን። ለእናትሽ ደውይላት።" ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ፤ አንዱ ዓይኔ ላይ አረፈ። "ኮምፒዩተሩን ሳትጨርሺልኝ ግን አትሄጂም፣ አይደል?"

"አልሄድም።"

ከዚህ በፊት በሕልሜ ያየሁት ቀን ይሄ ነበር።

ሐምሌ 26፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ጃንጥላ ረስቼ ከበሩ ተመለስኩ። ወርክሾፑ ውስጥ የስፌት መኪናው ቆሟል። ሬዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ለዚህ ነው የቆምኩት።

"ታዲያ ሐኪሙ ምን አለ?"

"የሄደው አይመለስም አለኝ። ጠብታው የቀረችውን ለማቆየት ነው። ግራው ለነገሩ ካለቀ ቆየ፤ ቀኙ ጥላ ጥላውን ያሳየኛል።"

"ለልጅቱ አትነግሪያትም?"

"ሥራ ባገኘች ማግሥት? ልቧ እዚህ ቀርቶ ልትሄድ? ተይኝ እስቲ።" ሲኒ ስታስቀምጥ ሰማሁ። "ደግሞ ምን ቸገረኝ። ጥልፎቼ አሉልኝ። ማሽን ዓይን አይፈልግም። እኔ ቁጥሩን እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትጫኛለሽ፣ እሱ ይሰፋል። በዚያ እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ እኖራለሁ።"

ጃንጥላውን ሳልወስድ ወጣሁ።

ፊደሉን ያተልቀዋል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ስቄባት ነበር። የመርፌው ክር፣ የክሩ ቀለም፣ ዓይኔ ላይ ያረፈው መሳም። ሁሉንም እዚሁ ጽፌዋለሁ፣ በገዛ እጄ፣ አምፖል ልገዛ ይገባል እያልኩ።

ሐምሌ 27፣ ረቡዕ

ዛሬም አልነገርኳትም። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዱን ጊዜ "ሻይ ላፍላልሽ?" አልኳት። ሌላውን ጊዜ ስለ አየሩ ነገርኳት። አልሸሹም ዞር አሉ።

ሐምሌ 28፣ ሐሙስ

ሬዲዮን ቀድማ እንድትሄድ ለመንኳት። "ምን ልትነጋገሩ ነው?" አለች፤ ፊቴን አይታ ቦርሳዋን አነሳች።

ገመዱን ሰካሁት። በአክስቴ ፊት። ወዲያው ተነሳ።

"አወቀው!" አለች፤ የመነሻውን ድምፅ ሰምታ ነው።

"ካወቀው ቆይቷል፣ እትዬ። እየነቀልኩት ነው።"

መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከሐሙሱ ጀምሬ፣ ስለ ብሎኑ፣ አዎ አዎ ስላልኩት፣ ስለ ርግቡ። ስጨርስ ዝናቡ ቆሟል። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ በስክሪኑ በኩል ታያለች።

"የትኛው ቀረ?"

"ሙሉ ሆኖ የቀረ... አንድ ቅጠል አለ። የትራስ ልብሱ ጥግ ላይ የነበረው።"

"ቅጠሉ።"

"አዎ።"

"መጽሐፉስ? ችቦው?"

"የለም።"

ራሷን ነቀነቀች፣ ሰው ዋጋ ተነግሮት እንደሚነቀንቅ። "ሐምሌ ሲገባ ነው ያልሽው? የጠፋው?"

"በሰባት።"

"ዛሬ ስንት ነው?"

ነገርኳት።

"ይሄን ሁሉ ቀን 'አይዞሽ' ስልሽ" አለች፣ ቀስ ብላ። ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር። ስለ ዓይኗ እንደሰማሁ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን ተነስታ ጠረጴዛውን እየዳሰሰች ወጣች። ዓይኗ እንደደከመ መደበቁን ተወችው።

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

አምና የተሰፋ ሸሚዝ ከሠፈር ልጅ ተውሰን የአርማውን ሥራ ጀምረናል። እኔ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ እሷ አጠገቤ፣ ሸሚዙ ጭኗ ላይ። ጥልፉን በጣቷ ታነበዋለች።

"የገጹ ጠርዝ ጋ ስፌቱ ይተኛል። አጋድሚው። አይ፣ በዝቷል። እዚህ ጋ ክሩ ከሥር ይዞራል፤ ካልዞረ ሲታጠብ ይኮማተራል።"

ከሥራው ውጪ አታናግረኝም። ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ክፉም ደግም አልወጣትም። ሬዲዮ እንኳ ዝም ብላለች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው።

ያወጣነውን የመጀመሪያ ሙከራ ዳሰሰችው። "ችቦው ጠንክሯል።"

"ስክሪኑ ላይ ከሸሚዙ ጋር አንድ ነው፣ እትዬ። ለክቼዋለሁ።"

"እኔ ስክሪኑን አላየሁትም" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ወጣ። ከዚያ "ላላ አድርጊው" አለችኝ፣ ላላ አደረግሁት።

ነሐሴ 11፣ ረቡዕ

የትምህርት ቤቱ ሰው ወሰደ። አንዱን ብርሃን ላይ አንስቶ "ከአምናው አይለይም" አለ፣ ሊያመሰግን።

"ይለያል" አለች አክስቴ።

"እኔ ልዩነቱን አላየሁም፣ እማማ።"

"አይታይም።"

ነሐሴ 13፣ ዓርብ

ሥራውን ልተወው እንደሆነ ነገርኳት። እዚሁ ተቀምጬ፣ በየደንበኛው ቤት ያሉትን የድሮ ጥልፎቿን እየተዋስኩ፣ አንድ በአንድ እንደገና እንሥራቸው አልኳት። ዓመት ይፍጅ። ሁለት ዓመት ይፍጅ። ተዘጋጅቼበት ነበር፣ ቃላቱን ሁሉ።

እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ለማን ብለሽ?"

"ላንቺ።"

"ለኔ አይደለም።" ሸሚዞቹን ማጣጠፏን አላቋረጠችም። "ጸጸትሽን እኔ ቤት አታስቀምጪብኝ፤ ቦታ የለኝም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። ለሬዲዮ አሠራሩን አሳዪያት፣ ይበቃኛል።"

ነሐሴ 15፣ እሑድ

ለሬዲዮ አሳየኋት። ሬዲዮ ቶሎ ያዘችው። ዛሬ ማለዳ ስሄድ አክስቴ በር ድረስ ሸኘችኝ፣ እንጀራ ይውጣልሽ አለችኝ፣ ሳመችኝም። ምንም የጎደለ ነገር የለም። እንደ ማንኛውም እንግዳ ሸኘችኝ ብል ይሻላል።

ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ

ሥራው ጥሩ ነው። አለቃዬ "አንቺ ሁሉን ነገር ሁለቴ ታያለሽ" ይለኛል። ምስጋና ነው መሰለኝ።

ዛሬ ወደ ቤት ደወልኩ። ያነሳችው እንደ ሁልጊዜው ሬዲዮ ናት፤ ድምፅዋ ተመልሶላታል። አዲስ የአበባ ጥልፍ ጀምረዋል፤ አክስቴ በቃል እያዘዘች፣ ሬዲዮ እያስገባች። "እኔን ከጠየቅሽኝ ጥቅል ጎመን ነው የሚመስለው" አለች። "ተይው፣ እንዲህ ይሁን አለችኝ። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱ ወዲህ ሥራው ጭር ብሏል፤ ማሽኑን ሸፍነን ሻይ እየጠጣን ወሬ ነው የያዝነው።"

"አቅርቢልኝ እስቲ እትዬን።"

ስልኩን ጨርቅ ላይ ሳታስቀምጠው አልቀረችም፤ ድምፁ ታፈነ። ከሩቅ የሲኒ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ የሁለት ሰው ንግግር። ሬዲዮ ተመለሰች።

"እጄ ሥራ ይዟል በያት፣ ሰላም በያት አለችኝ።"

"እሺ" አልኳት። "ሰላም በይልኝ።"

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው።